እሳት የጠፋብን ሴቶች

በዘጠናዎቹ ነው፣ ሰቆጣ። የጎረቤቴ የእትዬ ብርቄ ልጅ ዓረብ አገር ሄዳ ድምጿ ሲጠፋ እናት በሯን ዘጋች። እኛ የሰፈሩ ሴቶች፣ ታማ እንዳትተኛብን ብለን፣ በየማለዳው በውሸት «እሳት ጠፋብን» እያልን ፍም ልንጭር እሷ ቤት እንሄድ ጀመር። ለእኛ ስትል ተነስታ ታነዳለቻ!

አንድ ጠዋት ከጤና ቢሮ የተላከ የሥነ ልቦና ባለሙያ መጥቶ «በሐዘን የተዘጋችውን ሴት ያሳዩኝ» አለኝ። ይዤው ገባሁ። አራት ሴቶች ምድጃውን ከበዋል፤ አንዷ «እናንተ ሙያ ቢሶች! አንድ እሳት ማዳፈን ያቅታችኋል?» እያለች ስድቡን ታወርድባቸዋለች።

«ታማሚዋ የትኛዋ ናት?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ተሳዳቢዋ» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። «‹ሰው ሳይታመም ሰፈሩን ማበጀት› የሚለውን የእናንተን ትምህርት እኔም አንብቤዋለሁ፣ የኔ ጌታ።»

እትዬ ብርቄ ፍሙን በገል ስትሰጠኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ክብሪትሽ ከመቀነትሽ ሊወድቅ ነው። ደብቂውና ነገም ማልደሽ ነይ።»