ሳይሮጡ አራት ደቂቃ

ካጊኖሳካ ውስጥ ሁለት ጣቢያዎች ነበሩ። ስማቸው አንድ ነው፤ ግን አይገናኙም። የኮረብታው መስመር ባቡር ከላይ ወርዶ በአንዱ ይቆማል፤ የወንዙ መስመር ባቡር በሌላው ቆሞ ወደ ከተማው ይሄዳል። በመካከላቸው ሦስት መቶ ርምጃ የሚሆን የገበያ መንገድ አለ። ከአንዱ ወርዶ ሌላውን ለመያዝ የፈለገ ሰው በዚህ መንገድ መሮጥ ግዴታው ነው። ጧት ጧት ተማሪው ይሮጣል፣ ከረባት ያሰረው ይሮጣል፣ ምርኩዝ የያዘውም ቢሆን እንደ አቅሙ ይሮጣል።

ወይዘሮ ሂሳኤ ኩራሞቺ ይህን ሩጫ ሠላሳ ስምንት ዓመት በሱቃቸው መስኮት ተመልክተዋል። ከባላቸው ከኢሳሙ ጋር ከሰሜን የዓሣ አጥማጆች መንደር መጥተው፣ በመንገዱ እኩሌታ ላይ ኮሮኬ የሚባለውን የተድቦለቦለ የድንች ጥብስ መጥበስ ሲጀምሩ እሳቸው የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት ነበሩ። ሯጭ ቆሞ እንደማይጠብቅ ቶሎ ገባቸው። ትኩሱን ኮሮኬ በወረቀት ጠቅልለው በመስኮቱ ጠርዝ ይደረድሩታል፤ ሯጩ በአንድ እጁ ሳንቲሙን ጥሎ በሌላው አንሥቶ ያልፋል። ከጊዜ በኋላ፣ ደንበኛው ከየትኛው ፉርጎ እንደወረደ ሳይጠይቁ ማወቅ ጀመሩ። ከፊተኛው ፉርጎ የወረደ ቀድሞ ይደርሳል፤ አንድ ይገዛል። ከኋለኛው የወረደ ባቡሩ ካመለጠው በኋላ እያለከለከ ይመጣል፤ ጊዜ ስላለው ሁለት ይገዛል።

በወንዙ መስመር ላይ ፈጣን ባቡር አለ። ካጊኖሳካ ላይ አይቆምም። ሲያልፍ የሱቁን መጋረጃ ገልቦ፣ መስተዋቱን አንቀጥቅጦ ይሄዳል። ኢሳሙ በሕይወት ሳሉ ጭልፋቸውን ወደ እሱ ቀስረው፣ «እለፍ፣ እለፍ! አንድ ቀን ቆመህ ትለምነናለህ!» ይሉት ነበር። እሳቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ባቡሩ ግን ማለፉን አልተወም።

በመጨረሻ የግንባታ ሠራተኞች መጡ። የኮረብታው ሐዲድ ተስቦ ከወንዙ ሐዲድ ጎን ተቀመጠ፤ ከሁለቱ በላይ ድልድይና ደረጃ ተሠራ። ካጊኖሳካም አንድ ጣቢያ ሆነች። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፈጣኑ ይቆማል ወይስ አይቆምም?

መልሱን ይዛ የመጣችው የባቡር ድርጅቱ ባለሙያ ወጣቷ ሚዙሆ ኦታኪ ናት። «ከኮረብታው ባቡር የወረደ ሰው ሁሉ፣ እርጅና የያዘውም ሳይቀር፣ ሳይሮጥ በአራት ደቂቃ ውስጥ ተሻግሮ ፈጣኑን ከያዘ ይቆማል» አለች። «ካልደረሰ ግን ቢቆምም የሚያነሣው ሰው የለምና ያልፋል። ቅዳሜ እንለካለን።»

ቅዳሜ ጧት አርባ የሰፈር ሰዎች ለሙከራ ከካጊኖሳካ በላይ ባለው የኮረብታው ጣቢያ ተሰለፉ። የሰፈሩ ማኅበር ሊቀ መንበር ፀጉር አስተካካዩ አቶ ቶኩጂ፣ ወይዘሮ ሂሳኤን በኋለኛው ፉርጎ ሲሳፈሩ አይተው ደነገጡ።

«አንቺ ሴትዮ! በዚያ ጉልበትሽ ከኋላ? ነይ ከፊት ግቢ!»

«ከኋላ የሚሳፈር ሰው የለም እንዴ? እሱስ በአየር ነው የሚሻገረው?»

ባቡሩ ካጊኖሳካ ገብቶ ቆመ፤ በሮቹ ተከፈቱ። ሰዉ እንደ ጎርፍ ወደ ደረጃው ፈሰሰ። ወይዘሮ ሂሳኤ መድረኩን ዳር እስከ ዳር አቋርጠው፣ ደረጃውን ወጥተው፣ ድልድዩን ተሻግረው ሲወርዱ ሌሎቹ ደርሰው ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። ሚዙሆ ሰዓቷን አየችና ከንፈሯን ነከሰች። አራት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ።

«እንቁላል እንኳ በእግሩ ሄዶ ደርሷል!» አሉ አቶ ቶኩጂ ራሳቸውን ይዘው። «ሂሳኤ፣ ጉድ አደረግሽን!»

«ጥፋቱ የእግሬ አይደለም» አሉ ወይዘሮ ሂሳኤ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። ወደ ሚዙሆ ዞሩ። «ልጄ፣ ባቡሩን እዚያ ታች ምን ያስቆመዋል? ደረጃው ያለው ከፊት፣ ባቡሩ የሚቆመው ከኋላ። ከፊቱ እኮ ባዶ መድረክ አለ!»

«እትዬ፣ ጣሪያው ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። መንገደኛ ዝናብ እንዳይመታው ተብሎ...»

«ዝናቡን ተይው፤ ጃንጥላ ሞልቶናል። ያጣነው ባቡር ነው! ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ባቡር ያመለጠውን ሰው ያበላሁት እኔ ነኝ። ሰውን የሚያስቀረው የፉርጎ ርቀት ነው። አርባ ሜትር ወደፊት አምጪልኝ።»

ሚዙሆ መድረኩን አየች፣ ደረጃውን አየች። የባቡሩ መቆሚያ ምልክት በብረት ዘንግ ላይ የተሰካ ሰሌዳ ነው። ስልኳን አንሥታ ከአለቆቿ ጋር ብዙ ተነጋገረች። ከዚያ ሁለት ሠራተኞች መጥተው ሰሌዳውን ነቀሉት፤ አርባ ሜትር ለክተው ተከሉት። ባቡሩም ወይዘሮ ሂሳኤን መልሶ አሳፍሮ፣ ወደ ኋላ ሄዶ እንደገና እንዲገባ ታዘዘ።

እሳቸውም እንደገና ከኋለኛው ፉርጎ ወረዱ። አሁን መድረኩ አጠረ፤ ደረጃው ቀረበ። ሰዉ ሁሉ ድልድዩ ላይ ተሰልፎ፣ «አይዞዎት እትዬ! በርቱ!» እያለ ይጮኻል። አቶ ቶኩጂ ከጎን ከጎናቸው ይራወጣሉ።

«ሂሳኤ ሩጪ! አሥር ርምጃ ብቻ ሩጪ፣ ማንም አይናገርም!»

«አልሮጥም!»

«ስለ ኢሳሙ ስትዪ!»

የወይዘሮ ሂሳኤ ዐይን በእንባ ተሞላ፤ ርምጃቸውን ግን አልለወጡም። «ዛሬ እኔ ከሮጥኩ ነገ ሁሉም ይሮጣል። ለሩጫማ የድሮው መንገድ ምን ጎደለው? ዘወር በል ከፊቴ!»

አንድ እጃቸውን በመደገፊያው ብረት ላይ አድርገው ወረዱ። የመጨረሻዋን ደረጃ ረግጠው ፈጣኑ በሚቆምበት መድረክ ላይ ያለውን ቢጫ መስመር ደረሱ። ሚዙሆ እንደ ባቡር ሠራተኛ ወግ ክንዷን ዘርግታ ሰዓቷን በጣቷ ጠቆመች፤ ድምፅዋንም ከፍ አድርጋ፣

«ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት! ልክ!» አለች።

አቶ ቶኩጂ ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወረወሩ፤ ሐዲዱ ላይ ወደቀች። ሠራተኛው በረጅም መቆንጠጫ እስኪያወጣላቸው ድረስ መላጣቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።

«አሁን ሯጭ ከሌለ ኮሮኬሽን ማን ሊገዛሽ ነው?» አሉ ሳቃቸው ሲበርድ።

«ያልሮጠ ሰው አኝኮ ይበላል። አኝኮ የበላ ደግሞ ጣዕሙን ስለሚያውቅ ይመለሳል።»

አዲሱ የጉዞ ሰዓት በመጋቢት ሥራ ላይ ዋለ። ያን ጧት ወይዘሮ ሂሳኤ መጥበሻቸውን ሳይለኩሱ፣ የኢሳሙን ጭልፋ በመሐረብ ጠቅልለው መድረኩ ላይ ቆሙ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል። ከሩቅ የፈጣኑ ባቡር መብራት ታየ። እሳቸው ከልማድ የተነሣ ነፋሱን ሲጠብቁ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ነፋሱ ግን አልመጣም። ፍሬኑ ሲያፏጭ ሰሙ። ዐይናቸውን ሲገልጡ ባቡሩ ከፊታቸው ቆሟል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ብልጭ ብለው ብቻ ባለፉት መስኮቶች ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ፊት አዩ።

በሩ ተከፈተ። በር አጠገብ ተቀምጦ ያንቀላፋ አንድ ሰውዬ በርግጎ ነቃ፤ ግራ ተጋብቶ ወደ ውጭ አየ።

«ይቅርታ እማማ፣ ይህ የት ነው?»

ወይዘሮ ሂሳኤ ጭልፋውን ከመሐረቡ አውጥተው ወደ ላይ አነሡ። ድምፃቸው ግን ብቻውን አልወጣም፤ መድረኩ በሙሉ አብሯቸው ጮኸ።

«ካጊኖሳካ!»