ስም አልጠራሁም

የአባይነሽ ባል ደገፉ መጠጥ ጀምሮ እንደነበር አሁን ሶዶ ውስጥ ያልሰማ የለም። ያሰማሁት እኔ ነኝ፣ ምላሴ ይቆረጥ!

አባይነሽ ሒሳብ አስተማሪ ናት፤ እኔ አማርኛ። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን። ደገፉ መጠጣት የጀመረ ሰሞን እያለቀሰች ነገረችኝ፤ በእኛ ጉባኤ አማኝ ጠጣ ማለት ትልቅ ነውር ነው። እኔ ታዲያ ረቡዕ በሴቶች ጸሎት ላይ ብድግ ብዬ «የጸሎት ርዕስ አለኝ» አልኩ። ስም አልጠራሁም። «አንዲት ሒሳብ የምታስተምር እህታችን፣ ባሏ በዴሳ ከተማ የሚሠራ…» ብቻ ነው ያልኩት። ጎበዝ፣ ከዚህ ወዲያ ስም ምን ያደርጋል? ሴቶቹ ጮክ ብለው ጸለዩ፤ ቅዳሜ ሽማግሌዎች ደገፉን ሊመክሩ ቤቱ ገቡ። ሰውየው ሦስት ወር ሙሉ ሚስቱን አላነጋገረም።

ጊፋታ ሲደርስ፣ ተኳርፎ አዲስ ዓመት አይገባምና፣ መጋቢው አስታረቁን። «ይቅር ብዬሻለሁ» አለችኝ፤ ተቃቀፍን። ከዚያ ወዲህ ግን ወሬያችን ስለ ፈተናና ስለ ጠመኔ ብቻ ሆነ። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ አንድ ዓመት ታግሼ አንድ ቀን ፈነዳሁ። «ይቅር ካልሽ ምን ቀረሽ? ወይስ የአፍ ነበር?»

«የልቤ ነው» አለች ረጋ ብላ። «በቂም እንቅልፍ አጥቼ፣ ጨጓራዬም ሲያቃጥለኝ ከርሞ ነበር፤ ይቅር ስልሽ ለቀቀኝ። እምነት ግን ሌላ ነው፣ ሜላት። እሱን እንጃ።»

ተናድጄ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን፣ ያን ረቡዕ የተነሳሁት ለእሷ አዝኜ ብቻ አልነበረም። ከሁሉ ቀድሜ ማወቄ ደስ ብሎኝ ነበር። አፈርኩ። በማግስቱ ይህንኑ ሳልቀባባ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ወደ ክፍሏ ሄደች።

ሌላ ዓመት አለፈ። በየቀኑ እያየኋት ትናፍቀኛለች። ባለፈው ወር በእረፍት ሰዓት ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ደገፉም ገና አያውቅም» አለችና ነገረችኝ።

እንባዬ መጣ። «እጸልይልሻለሁ» የሚለው አመለጠኝ።

ትክ ብላ አየችኝ። «ጸልዪ» አለች፤ «ድምፅሽን ግን አታሰሚ።» ሁለታችንም እያለቀስን ሳቅን።

ምን እንደነገረችኝ? እሱን እንኳ ከእኔ አትሰሙም።