ፓሽን የሌላት ጣቢታ

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ወንዲ ቢሾፍቱ ሦስት ቀን ሠልጥኖ ወደ ሱሉልታው የውሃ ፋብሪካችን ሲመለስ ይዞት የመጣው አንድ ቃል ነው፤ ፓሽን። ምናለ ዓሣ ይዞልን ቢመጣ።

"ፓሽን ማለት ሥራን ከመውደድም በላይ መውደድ ነው" አለን ሰብስቦ። "ፓሽን ያለው ሰው ሰዓት አያይም፣ ደሞዝ ጭማሪ አያነሳም።" እዚህ ላይ ነገሩ ለሁላችንም ገባን። ቀጠለና አርብ ዕለት ተነስቶ ፓሽኑን ያስረዳ ጊዜያዊ ሁሉ ቋሚ ሠራተኛ እንደሚሆን ነገረን።

እኔና ጣቢታ ክዳን መግጠሚያው ላይ ጎን ለጎን ነን። ከሆሳዕና መጥታ ሦስት ዓመት በጊዜያዊነት ስትሠራ አንድ ቀን አልቀረችም። አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ቋሚ ካልሆነች፣ ወልዳ የምትመለስበት ሥራ የለም።

አርብ ቀድሞ የተነሳው ሞቱማ ነው፤ በሳምንት ሁለቴ የሚያረፍደው ሞቱማ። "ሌብል ስለጥፍ ልቤ ይሞቃል" ብሎ ተጨበጨበለት። እኔም ተራዬ ሲደርስ ክዳን ነፍሴ ነው፣ በሕልሜ ሁሉ ይመጣል አልኩ። ምን ላድርግ፣ የእንጀራ ነገር ነው።

ጣቢታ ግን ሰው ፊት ቆሞ መናገር የምታውቀው ቸርች ነው። እሑድ እሑድ ምስክርነት ትሰጣለች፤ ምስክርነት ላይ ደግሞ አይዋሽም። እኛስ ጉዳችንን የምንነግረው ለንስሐ አባት ብቻ ነው፣ ተመስገን።

"ጌታ ይባረክ" ብላ ጀመረች። ግማሹ ሠራተኛ የቸርቿ ሰው ነው፤ "አሜን" አለ።

"እኔ ክዳን አልወድም። ቀኑን ሙሉ ስቆም እግሬ ያብጣል። የምወደው በሆዴ ያለውን ነው። ለሱ ስል አንድ ክዳን አጣምሜ አላውቅም፤ ጌታ ምስክሬ ነው።"

"ሃሌሉያ" አለ አዳራሹ፤ ያለቀሰም ነበር። አቶ ወንዲ ማስታወሻው ላይ አጭር ነገር ጻፈ።

ሰኞ ስም ዝርዝር ተለጠፈ። እኔ አለሁ፣ ሞቱማም አለ፣ ጣቢታ የለችም። ብሽቅ ብዬ ቢሮው ገባሁ።

"ኧረ አቶ ወንዲ፣ ከሷ የተሻለ ሠራተኛ አለን?"

"የለንም" አለኝ፣ ከልቡ አዝኖ። "ግን ፓሽን የላትም።"

ይባስ ብሎ አዲሶቹን ቋሚዎች ክዳን መግጠም እንድታስተምር መደባት። አስተማረቻቸው። ስምንተኛ ወሯ ላይ ውሏ አለቀና ወጣች።

ስትወልድ አጥሚት ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። ሕፃኗን አሳቀፈችኝ፣ አጠገቧም አስቀመጠችኝ።

"ሮሚዬ፣ እንኳን አንቺ ተረፍሽ" አለችኝ፣ ደስ ብሏት።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።