በእትዬ አስካለ ደም ውስጥ የተገኘው ቡና

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ነግሬያቸዋለሁ። እትዬ አስካለ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬ አልፋለሁ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ያኔ ዘነበወርቅ አካባቢ፣ ቡና የጠጣ ሰው ደም ውስጥ ምን ምን እንደሚገኝ የሚያጠና ቡድን በጊዜያዊነት ቀጥሮኝ ነበር። ደም እቀዳለሁ፣ ብልቃጡ ላይ ስም እለጥፋለሁ። ለማነጻጸሪያ ቡና የማይጠጣ ሰው ፈለግን፤ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ አስካለን ጠቆመን። ልጃቸው ትዕግስት ኩላሊቷን ታማ ነበርና፣ «እሷ እስክትድን ቡና በአፌ አይዞርም» ብለው ለእመቤታችን ተስለዋል።

ደም ሲሰጡ ጎረቤታቸው ወይዘሮ በላይነሽ አጠገባቸው ነበሩ። እሳቸው እኛ የሰጠናቸውን ቡና ጠጥተው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጨዋታ አዋቂ ናቸው። የሁለቱንም ደም ቀዳሁ፤ እየሳቅሁ ስም ለጠፍኩ።

ውጤቱ ሲመጣ የእትዬ አስካለ ደም ውስጥ ቡና ተገኘ። ፊቴ ቡና የጠጡት የወይዘሮ በላይነሽ ደም ደግሞ ንጹሕ ሆነ። ወዲያው ገባኝ። ስሞቹን ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። ተናገርኩ? አልተናገርኩም። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። የወይዘሮ በላይነሽን ናሙና «ተበላሽቷል» ብዬ አስወጣሁት፤ የእትዬ አስካለን ተውኩት። አለቃዬ፣ ሴትዮዋ ዋሽተዋልና አሰናብቻቸው አለኝ።

ጎረቤቶቻቸው ባሉበት አሰናበትኳቸው።

«እትዬ አስካለ፣ ደምዎ ውስጥ ቡና ተገኝቷል። ከእንግዲህ አይምጡ።»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ አልጠጣሁም።»

«ደም አይዋሽም» አልኩ።

ክረምቱ ሳይወጣ ትዕግስት ሞተች። ለቅሶ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ዛሬም አላውቅም። ድንኳኑ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፣ እናቷ ስለቷን አፍርሳ እኮ ነው፣ ሲሉ ሰማሁ። አልዞርኩም። የሰጡኝን ንፍሮ በላሁ።

ልወጣ ስል እትዬ አስካለ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ሻይ መስሎኝ ሳላውቅ ጠጥቼ ይሆን? ደሜን ያየሽው አንቺ ነሽ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ነበረ?»

ጥናቱ አልቋል፤ እኔም ሌላ ሥራ ይዣለሁ። ከዚያ ወዲያ የምፈራው ምን ነበር? ምንም።

«ነበረ» አልኳቸው።

እጄን ለቀቁኝ። «እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ። አላለቀስኩም። ታመምኩ፣ ተጨነቅኩ ብል ውሸት ይሆናል፤ ቤቴ ገብቼ እራቴን በልቼ ተኛሁ። እስካሁንም እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

እትዬ አስካለ አሁን ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ይኖራሉ። ወይዘሮ በላይነሽ ናቸው የነገሩኝ። በየዓመቱ ለሚያዝያ ጊዮርጊስም፣ ለእመቤታችንም ይሰግዳሉ አሉ፤ ልጄን በአፌ ገደልኳት፣ ይቅር በሉኝ እያሉ። ላልጠጡት ቡና። ስለቱን ያፈረሰ የለም፤ የፈረሰው እኔ በለጠፍኩት ስም ላይ ነው፤ ይህን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

ሁለት ጊዜ በታክሲ እዚያ ድረስ ሄጃለሁ። ፌርማታው ላይ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል ሳልወርድ አለፍኩ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእናንተ አይደለም። የይቅርታው ባለቤት በሕይወት አሉ፤ ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ እኔም ጤነኛ ነኝ። ያልሄድኩት ስላልሄድኩ ነው።