ሊጋያና ነጯ የወረቀት ቀለበት

የጫማ ሠሪዎቹ ከተማ የማሪኪና ሰው ከፊት በፊት ጫማ ያያል። ሊጋያ ደግሞ ከሁሉም የባሰች ነበረች። እንግዳ ቤቷ ሲመጣ "ደህና ዋልክ ወይ" ከማለቷ በፊት ዓይኗ የጫማው ቆዳ የታጠፈበት ጠርዝ ላይ ያርፋል። ጠርዙ አብጦ ካየችው ለሰውየው ከልቧ ታዝንለታለች፤ ቤቱ የተቃጠለበት ይመስል ወንበር ሁሉ ትስብለታለች።

ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ የቆዳ ጠርዝ ማሳሳት። ቆዳ ታጥፎ ከመሰፋቱ በፊት ጠርዙ በስለት ካልሳሳ እጥፋቱ ያብጣል፤ ያበጠ ጫማ ደግሞ እግር ይልጣል፣ ገዢም ያባርራል። ሊጋያ ወንዙ ዳር ካሉት የጫማ ቤቶች በአንዱ ስለቷን ይዛ ስትቀመጥ፣ ቆዳው በእጇ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳላት ነበር። እናቷ ሲሞቱ ታናሽ ወንድሟ አርኔል ገና ፊደል አልቆጠረም። እጇ ላይ ወደቀ፤ እሷም ሳታገባ ሳትወልድ አሳደገችው። "ልጅሽ ነው ወንድምሽ?" ብለው ሲጠይቋት "ፈተናዬ ነው" ትላለች። ስትል ግን ፈገግታዋን መደበቅ አትችልም።

ከዚያ ርካሽ ጫማ በመርከብ እየተጫነ መጣና የሰፈሩ ጫማ ቤቶች አንድ በአንድ ተዘጉ። ሊጋያ የሰው ልብስ ማጠብ ጀመረች። ሥራውን አልናቀችውም፤ ግን እጆቿን ሳሙና ውስጥ ነክራ ስታያቸው ሆድ ይብሳት ነበር። ስለቷን በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠቻት።

በዚህ መሐል ነው ያ የጭስ ፋሽን የመጣው። አርኔል አሁን ጎልማሳ ሆኖ ሰው የምታመላልስ ባለሦስት እግር ሞተር እየነዳ ያድራል። አንድ ቀን ቬፕ የሚሉትን፣ በባትሪ የሚጨስ፣ ከነሐስ የተሠራ ቱቦ ይዞ ገባ። ውስጡ አንድ ባትሪ፣ አናቱ ላይ በሚጨስ ፈሳሽ የራሰ ጥጥ የጎረሰ ጥቅል ሽቦ፣ ከሥሩ አንድ የመጫኛ ቁልፍ አለው። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ሌሎቹ ቬፖች ውስጣቸው ተቆጣጣሪ አለ፤ አደጋ ሲመጣ በራሳቸው ይጠፋሉ። የነሐሱ ቱቦ ግን ሲጫኑት ባትሪው ያለውን ሁሉ ለሽቦው ይለቃል። ሽቦው ወፍራምና አጭር ሲሆን ሬዚስታንሱ፣ ኤሌክትሪክን የሚገታበት አቅሙ፣ ይወርዳል፤ ሬዚስታንሱ ሲወርድ ከባትሪው የሚስበው ኃይል ይጨምራል፤ ጭሱም ጣሪያ ይነካል። የሰፈሩ ወጣት የሚፎካከረው በዚሁ ነበር። ማን ዝቅ አድርጎ ይጠቀልላል፣ ማን ደመና ያወጣል። ሌላ አገር ሰው ለወርቅ ይሽቀዳደማል፣ የኛዎቹ ለጭስ ይሽቀዳደሙ ነበር።

የአርኔል ባትሪ ልባሱ ተቀድዶ ስለነበር ፕላስተር ለመነ።

"ይሄን የመሰለ ቱቦ ውስጥ ይሄን ቅዳጅ ልታስገባ ነው?" አለች ሊጋያ።

"ማን ያየዋል አቴ? ውስጥ ነው እኮ።" አቴ ማለት በነሱ እትዬ ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ አቴ ሊጋያ ነው የሚላት።

"እኔ አየዋለሁ! ወዲህ በል።"

ስለቷን ከሳጥን አወጣች። የድሮውን ልባስ ገፈፈች፣ የተዋጊ አውራ ዶሮ ሥዕል ዙሪያውን ጠቀለለችበት፣ ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ አለበሰችውና በፀጉር ማድረቂያ አሞቀችው። ላስቲኩ ተኮማትሮ ልክክ አለ። አንድ ነገር ብቻ አበሳጫት። በባትሪው አናት ላይ፣ ከድሮው ልባስ ሥር፣ ነጭ የወረቀት ቀለበት ነበረች፤ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል። እሷ ካለች ላስቲኩ ጠርዙ ላይ ሲታጠፍ በትንሹ ያብጣል። ሊጋያ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የታገለችው ከእብጠት ጋር ነው። በጥፍሯ ፈነገለቻትና ወደ ቆሻሻው ጣለቻት። ባትሪው እንደ እንቁላል ለሰለሰ።

የአርኔል ጓደኞች ዶሮውን አይተው አበዱ። ከዚያ በኋላ በሯ ላይ ወጣት አልጠፋ አለ። ለአንዱ ፈረስ፣ ለአንዱ ማርያም፣ ለአንዱ የቅርጫት ኳስ ቡድኑ ማሊያ። ሊጋያ ልብስ ማጠቡን ተወች። መንገድ ላይ ስትሄድ "አቴ፣ የኔ መቼ ይደርሳል?" ሲሏት አንገቷ ቀና ይል ጀመር። ቀለበቶቹን ሁሉ ጣለቻቸው፤ አንዲትም አላስቀረች።

ያላደነቃት ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ከገበያው ጀርባ የጭሱን ዕቃ የሚሸጠው ኔስቶር። ሆዱ ከበሩ ቀድሞ የሚወጣ፣ ድምፁ እስከ ድልድዩ የሚሰማ ሰው ነው።

"አቴ ሊጋያ፣ ባትሪ ሊዳር ነው እንዴ እንዲህ የምታሸበርቂው?" ይላታል በበሩ ስታልፍ።

"ያንተንም ሆድ ብትሰጠኝ አለብሰው ነበር፤ ግን የሚበቃ ላስቲክ ከየት ይምጣ?"

"የባትሪውን ስም ገፈፍሽው እኮ! ምን ያህል እንደሚችል በምን ልወቅ?"

"ዶሮውን ጠይቀው!"

ገበያው ሁሉ ይስቅላታል፤ ሊጋያ አሸንፋ ትሄዳለች። በልቧ ግን ቀናተኛ ነው ትለው ነበር፤ የሱ ሱቅ የሚሸጠውን ልባስ ስላስቀረችበት።

የሰፈሩ የጭስ ውድድር እሑድ ከሰዓት በኋላ ጣሪያ ባለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ ተደረገ። ኔስቶር መግቢያው ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሁሉንም ዕቃ ይመረምራል። ሊጋያ ማራገቢያዋን ይዛ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እዚያ ከተሰለፉት ቱቦዎች የአብዛኞቹን ባትሪ ያለበሰችው እሷ ናትና በዓሉ የሷም ነበር። የአርኔል ተራ ደረሰ። ኔስቶር ሽቦውን ለካና ቅንድቡን አነሳ።

"ዜሮ ነጥብ አንድ ሁለት ኦም! አንተ ልጅ፣ ጭስ ነው የምታወጣው ወይስ ብረት ልትበይድ ነው?"

"ለማሸነፍ ነው የመጣሁት።"

"የሞላ ባትሪ አራት ነጥብ ሁለት ቮልት ነው፣ ለዚህ አካፍለው። ሠላሳ አምስት አምፒር ትጠይቀዋለህ። እሱስ ስንት ይችላል?"

"ይችላል።"

"ስንት ነው ያልኩህ?"

"ይችላል አልኩህ እኮ!"

"እሺ፣ ምን ዓይነት ባትሪ ነው?"

"ባለ ዶሮው!"

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ኔስቶርም ሳቀ፤ እየሳቀ በአውራ ጣቱ ጥፍር የላስቲኩን ጠርዝ ያዘና ከላይ እስከ ታች ሸረከተው። ዶሮው ለሁለት ተቀደደ።

ሊጋያ ከወንበሯ ተነስታ ጠረጴዛው ጋ መቼ እንደደረሰች አታውቀውም። "እጅህን አንሳ! ሰው ፊት ሥራዬን ትገፍፋለህ? ምን አድርጌህ ነው?"

 የኔስቶር ሳቅ ከፊቱ ላይ ጠፍቶ ነበር። ራቁቱን የቀረውን ባትሪ ጠረጴዛው ላይ አቆመውና ቀስ ብሎ፣ "አቴ፣ ቀለበቷ የት አለች?" አላት።

"የቷ ቀለበት?"

"ነጯ። የወረቀቷ።"

"እሷማ... ታብጣለች። ጣልኳት።"

"ተመልከቺ። ይቺ መሐል ያለችው ጉብታ ፖዘቲቭ ናት። ዙሪያዋን ያለው ጠርዝና ገላው በሙሉ ኔጌቲቭ ነው። ሁለቱን የምትገላግለው ያቺ ወረቀት ናት። የወንድምሽ ቱቦ ደግሞ የአናቱ እግር፣ ከሽቦው ሥር የወጣችው ብረት፣ ቀጥታ ባትሪው ላይ ነው የሚያርፈው፤ መሐላቸው ምንም የለም። ላስቲክሽን አንዴ ከበሳው ሁለቱን ያገናኛቸዋል። ያኔ ሂሳብ የለ፣ ኦም የለ፤ ሾርት ነው፣ ባትሪው ግሎ ይፈነዳል። ቱቦው ጋዝ የሚያስወጣ ቀዳዳ እንኳ የለውም። አፉ ላይ የደገነው ጠመንጃ ነው።"

 አርኔል ግን የሰማው እህቱ በሰው ፊት መዋረዷን ብቻ ነው። ፊቱ ቀላ።

"በቃ! በእህቴ አትቀልድም! ስንት ጊዜ ስጠቀምበት ምን ሆንኩ? ቆይ፣ እዚሁ አሳይሃለሁ!" አለና ሌላውን ባለዶሮ ባትሪውን ከኪሱ አውጥቶ ቱቦው ውስጥ ከተተ። አናቱን እያጠበቀ ወደ ሜዳው መሐል ሄደ። ጓደኞቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። "አሳየው! አሳየው አርኔል!" ኔስቶር ጠረጴዛውን ገፍቶ ሊነሳ ሲታገል ወንበሩ ሆዱን ይዞ አልለቀው አለ።

ሊጋያ ከጠረጴዛው ያነሳችው የተሸረከተ ላስቲክ እጇ ላይ ነበር። የምታደርገው ቢጠፋት እንደ ልማዷ ወደ ብርሃን አዙራ እጥፋቱን አየችው። አናቱ ላይ፣ እግሩ ያረፈበት ቦታ፣ ክብ ስርጉድ አለ። ላስቲኩ እዚያ ላይ ነጥቷል፣ ስስ ሆኗል። የጫማ ጣት ከመቀደዱ በፊት ቆዳው እንዲሁ ነው የሚነጣው። ይህን ምልክት ስታየው ነው የኖረችው። ጫማ ሲሆን አንድ ሳምንት ይቀረዋል ትል ነበር። አሁን ግን አርኔል ቱቦውን ወደ አፉ እያነሳ ነው።

 ላስቲኩን ጥላ ወደ ሜዳው ሮጠች። 

"አርኔል! ጣለው! እኔ ነኝ ያበላሸሁት!"

ማጨብጨቡ ቆመ።

"ቀለበቷን እኔ ነኝ የጣልኳት! የሱንም፣ የሁላችሁንም! እሱ እውነቱን ነው! ጣለው ልጄ!"

ልጄ ብላው አታውቅም። አርኔል ቱቦውን ከከንፈሩ አወረደ። ኔስቶር ከወንበሩ ተላቅቆ እያለከለከ ደረሰና ቱቦውን ከእጁ ቀስ አድርጎ ተቀበለ፤ አናቱን ፈትቶ ባትሪውን መዳፉ ላይ አወጣው። ለአርኔል አሳየው። በጠርዙ በኩል ላስቲኩ ተበስቶ ብረቱ ያበራል። እግሩ ያረፈው ከቀዳዳው በፀጉር ስፋት ፈንጠር ብሎ ነበር።

አርኔል ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሊጋያም አጠገቡ ተቀመጠችና ፊቱን በሁለት እጆቿ ይዛ ቀረች፤ ያ ሁሉ ሰው እያየ። አርኔልም እጇን አላስወገደም።

ከዚያ ስድቡን ጠበቀች። ስድብ ይገባኛል ብላ ነበር። ኔስቶር ግን በዚያ ድልድይ በሚደርስ ድምፁ፣ "የአቴ ሊጋያን ዶሮ፣ ፈረስና ማርያም የያዛችሁ ሁሉ ወደዚህ! ከቱቦ አውጡ! ኪስ ውስጥ ከሳንቲም ጋር የከተተ ካለ በጥፊ ነው የማጮለው!" ብሎ አሰለፋቸው። ከሱቁ አንድ ከረጢት ነጫጭ ቀለበቶችና ላስቲክ አስመጣ። ለሊጋያ ወንበር ሳበላት።

"ተቀመጪ። መግፈፉ የኔ፣ ማልበሱ ያንቺ።"

"ከዚህ በኋላማ ማን ባትሪ ያመጣልኛል?"

"እኔ እልካቸዋለሁ። ወረቀቷ ካለች፣ ስሙና አምፒሩም ከሥዕሉ ሥር ከተጻፈ፣ ካንቺ የተሻለ የሚያለብስ ማሪኪና ውስጥ የለም። ትንሽ ቢያብጥ ምን አለበት? እኔም አብጫለሁ።"

ሰዉ ሳቀ። ሊጋያም እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ውድድሩ ቀርቶ ሁለቱ እስኪጨልም ባትሪ ሲገፍፉና ሲያለብሱ ዋሉ። አርኔል ሽቦውን ፈትቶ ረዘም አድርጎ ጠቀለለው፤ ባትሪው ሳይጨነቅ የሚሸከመውን ያህል ብቻ። ጭሱ ትንሽ ሆነ። ማንም አልሳቀበትም።

በማግስቱ ሊጋያ አንድ ትሪ ፓንሲት ሠርታ፣ ያን ቀጭን ፓስታ በሽሪምፕና በጎመን አሸብርቃ፣ ኔስቶር ሱቅ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገችው።

"ብላ። ሁለተኛ ሰው ፊት ሥራዬን ብትገፍፍ ግን..."

"ብገፍፍስ?"

ትሪውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። "እግዜር ይስጥልኝ" አለች። "እግዜር ይስጥልኝ ኔስቶር። ምን ብዬ እንደማመሰግንህ አላውቅም።" ያ አፈኛ ሰው ሹካውን ሲፈልግ ቆየ።

ከጊዜ በኋላ አርኔል አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ። የክርስትና አባት ሲመረጥ የሚስቱ ዘመዶች ምክር ቤት የገባ አንድ ሰው አጭተው ነበር፤ በአገሩ ደንብ ለልጅ ነገ የሚያግዝ ትልቅ ሰው ነው የሚፈለገው። ሊጋያ በእንዲህ ያለ ነገር ጣልቃ ገብታ አታውቅም። በዚያን ቀን ግን ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ "ኔስቶር ነው" አለች። ለምን ብለው ሲጠይቋት ወደ አርኔል አገጯን ቀሰረች። እሱም አንገቱን ደፍቶ፣ "አቴ እንዳለችው" አለ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ ኔስቶር ሕፃኗን ሆዱ ላይ አሳርፎ እንደ ንጉሥ እየተንጎማለለ ወረደ። ደረጃው ሥር ለአባቷ አቀበላት። ሕፃኗ የአርኔልን ፊት አየችና እጇን እስከ አንጓዋ አፉ ውስጥ ከተተች፤ ከዚያም የታች ከንፈሩን ጨምድዳ ይዛ ጎተተች። አርኔል "እ... ልቀቂ... እ..." እያለ ይጮሃል፣ እሷ አለቅም አለች። ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ።

ሊጋያ ብቻ ወደ ግድግዳው ዞራ ታለቅሳለች።

"ምነው አቴ? በደስታ ቀን?" አላት ኔስቶር።

"ተወኝ" አለች። "ያን የተረፈ ከንፈሩን ስትጎትተው አየሃት?"

ኔስቶር ዞሮ አየ። ልጅቷ አሁንም አልለቀቀችም ነበር።