የመጀመሪያውን ጥሎ መቁጠር

ዛሬ ጠዋት ወልድያ የማስተምራት አንዲት ልጅ የሰጠኋትን የፕሮግራም ፍጥነት የሚለካ ስክሪፕት ስታገላብጥ ቆይታ፣ «መምህር፣ የመጀመሪያውን ልኬት ለምንድን ነው የሚጥለው?» አለችኝ። መለስኩላት፤ የነገርኳት ግን ግማሹን ነው።

ሌላው ግማሽ ሰኢድ ጋ ነው። የመርሳ ከተማ ልጅ ነው፤ ወልድያ ኮሌጅ አብረን ተምረናል። በመጨረሻው ዓመት መምህራችን አንድ ቀርፋፋ ፕሮግራም ሰጥቶን፣ «የቱ ጋ እንደሚጎተት ለክታችሁ አፍጥኑት፤ የበለጠው ረዳቴ ይሆናል» አለን። ያንን ቦታ ከልቤ ፈልጌው ነበር። ትእዛዙን በእጄ እየጻፍኩ፣ በስልኬ ሰዓት እየያዝኩ ደብተር ላይ እመዘግባለሁ። ሰኢድ ግን ራሱ እያስሮጠ የሚለካለት አጭር ፕሮግራም፣ ስክሪፕት ጻፈ። የትኛውን ፕሮግራም፣ ስንት ጊዜ እንደሚያስሮጥ፣ ከፊት ስንቱን እንደሚጥል በትንሽ የቅንብር ፋይል ላይ ያሰፍርና ፉል ሊበላ ይወጣል። ሲመለስ ሰንጠረዡ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። እኔ ጣቴ እስኪዝል ስለካ፣ እሱ አፉን እየጠረገ ሲገባ አንጀቴ ያርር ነበር። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ መርሳ ቤታቸው ወሰደኝ። እናቱ ማንጎ በሳፋ አቀረቡልን። «ብላ የኔ ልጅ፣ አብሽር፣ ቤትህ ነው» አሉኝ። ሰኢድ የአስር ሶላቱን ሊሰግድ ሲወጣ ላፕቶፑን አልዘጋውም። በማንጎ የተጣበቀ ጣቴን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ የቅንብሩን ፋይል ከፈትኩ። ሠላሳ ጊዜ የሚለውን አንድ ጊዜ አደረግሁት፤ የመጀመሪያውን ጣል የሚለውንም አጠፋሁት። ፕሮግራም መጀመሪያ ሲነሳ ሁልጊዜ እንደሚጎተት አውቅ ነበር።

ሰኞ በመምህሩ ፊት ሰኢድ ያፋጠነው ፕሮግራም፣ አርብ ከለካው ካልተፋጠነው ከድሮው ብሶ ተጎተተ። ክፍሉ ሳቀ። ያላሰብኩት ነገር፣ ስክሪፕቱ ከውጤቱ አናት ላይ ቅንብሩንና የተለወጠበትን ሰዓት ይጽፋል፦ ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ከአርባ፤ እሱ ሶላት ላይ የነበረበት ሰዓት። ሰኢድ አነበበው። ቀና ብሎም አየኝ።

«ቅንብሩን ሳላይ ነው የጀመርኩት፤ ልድገመው» አለ መምህሩን። ቅንብሩን እንደነበረ መልሶ ደገመው፤ ቦታውን አገኘ።

በር ላይ ጠብቄ፣ «ለምን አላጋለጥከኝም?» አልኩት።

«የመጀመሪያውን አልቆጥርም» አለኝ። «ሁለተኛ ካየሁህ ግን ወላሂ እቆጥራለሁ።» ከዚያ እጄን ይዞ ምሳ ወሰደኝ።

ለልጅቷ የማሽኑን ምክንያት ነገርኳት፤ እሱም እውነት ነው። በሰኢድ ስክሪፕት መቅናት ከተውኩ ቆየሁ፤ እኔም ተምሬ ጽፌዋለሁ። በዚያ በር ላይ ባየሁት ልቡ ግን ዛሬም እቀናለሁ። ተማሪ ሲያጠፋ እኔ እስካሁን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነው የምቆጥረው።