የወይዘሮ ሰገነት ለቅሶ በሦስት ደሴት

ወይዘሮ ሰገነት ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ከልጃቸው ከኑኃሚን ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ በሽታቸው አንድ ነው፤ እሱም ቶሚ ይባላል። ቶሚ የኑኃሚን ልጅ፣ ገና አምስት ዓመቱ ነው። አባቱ ከርቲስ የግሬናዳ ደሴት ሰው ስለሆነ፣ ቶሮንቶ በረዶ በጣለ ቁጥር ልጁ እዚያ ወዳሉት አያቱ ይወሰዳል። ሲመለስ አፉ ላይ ያለው "ግራኒ፣ ግራኒ" ብቻ ነው። ወይዘሮ ሰገነት "እማማ በለኝ" ብለው ቢለምኑት፣ በቸኮሌት ቢያባብሉት፣ ቤተ ክርስቲያን የአማርኛ ክፍል ቢያስገቡት፣ "ኖ ታንክ ዩ" ብሎ ያልፋቸዋል።

አንድ ቀን ብሉር ጎዳና ላይ፣ ወሬ ከምግብ በፊት በሚቀርብበት የሐበሻ ምግብ ቤት፣ ለወዳጃቸው ለይመኙሻል የሆዳቸውን አራገፉ።

"ይሄ ልጅ አያቱ አንድ ብቻ መስሎት ካደገ እኔ ምን ልባል? ሞግዚት?"

"እትዬ ሰገነት፣ አይቆጡኝና፣" አለች ይመኙሻል፣ ለመቆጣት በቂ ምክንያት እንዳዘጋጀች እያስታወቀባት፣ "የከርቲስ አባት ሲሞቱ ለቅሶ ደርሰዋል?"

ወይዘሮ ሰገነት የጠቀለሉትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሱት። ሚስተር ኦስበርት ሞቱ ሲባል እሳቸው ገና አዲስ አበባ ስፖንሰራቸውን እየጠበቁ ነበር።

"ታዲያስ!" አለች ይመኙሻል፣ "አማቾቹ ቢቀየሙ ይፈረድባቸዋል? ቂሙን ነዋ ልጁ ላይ ያሳደሩት!"

ነገሩ ገባቸው። የዘንድሮው ጉዞ ላይ "እኔም እሄዳለሁ" ሲሉ ኑኃሚን በደስታ ቲኬት ቆረጠች። እሳቸው ለምን እንደሚሄዱ ትንፍሽ አላሉም። ደግሞ ለቅሶ አስቀድሞ ይነገራል እንዴ?

ግሬናዳ የግራኒ ዶሪን በር ላይ ታክሲው በቅጡ ሳይቆም፣ ወይዘሮ ሰገነት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወረዱ።

"ወይኔ ጋሽ ኦስበርት! ወይኔ! የቤቱ ምሰሶ! የደጁ ዋርካ! ምነው ሳላይዎት!"

ደረታቸውን ሲመቱት ዶሮዎች አጥር ዘለሉ። ዶሚኖ የሚጫወቱ ጎረቤቶች ጨዋታውን ጥለው መጡ። ግራኒ ዶሪን የድስት ክዳን እንደያዙ ወጡና "ከርቲስ ሞተ!" ብለው ጮኹ። ከርቲስ አጠገባቸው ሻንጣ እያወረደ ነው።

"ማሚ፣ አለሁ። ለዳዲ ነው የሚያለቅሱት።"

ግራኒ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። ብዙ ተናገሩ። ኑኃሚን እንደምንም አሳጥራ ተረጎመችው፦

"እማዬ፣ ሰውዬው ጥሎኝ ካሪያኩ ደሴት ሌላ ሴት ዘንድ ከገባ ቆየ ነው የምትለው። የዚህ ቤት ምሰሶ እኔ ነኝ፤ ለቅሶውን እዚያ ውሰጂው ብላሻለች።"

"እንዴት ሳትነግሩኝ?"

"እንደምታለቅሺ መች ነገርሽን?"

ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ይቀመጥ ነበር። ወይዘሮ ሰገነት ግን የተጀመረ ለቅሶ ተመልሶ እንደማይዋጥ ያውቃሉ፤ ቢውጡት ሆድ ውስጥ ይነፋል። በማግስቱ ቤተሰቡ በሙሉ ጀልባ ተሳፈረ። ግራኒም ኮፍያቸውን ደፍተው ተከተሉ። "የዚያችን ሴት ዓይን እንባ ሲሞላው ማየት አለብኝ" ነበር ያሉት። ቶሚ ባሕሩን ትቶ የወይዘሮ ሰገነትን አፍ ያያል።

የካሪያኩዋ ሴት ለቅሶውን በሩ ላይ ተደግፋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ሲያበቃ አጨበጨበች።

"በጣም ያምራል። እኔንም ግን ጥሎኝ ሄዷል። የሞተው ሴንት ቪንሰንት ደሴት፣ ሦስተኛ ሴት ቤት ነው።"

ግራኒ ዶሪን ከዚህ ቃል በኋላ ሴትዮዋን መጥላት አቃታቸው። ቀጣዩ ጀልባ ላይ ሁለቱ አንድ ማንጎ ተካፍለው፣ የሟቹን ኩርፊያ እየኮረጁ ሲስቁ፣ ወይዘሮ ሰገነት ለብቻቸው ሐዘን ላይ ናቸው። የባሕሩ ንፋስ ጉሮሯቸው ገባ።

ሴንት ቪንሰንት ሦስተኛዋ ሴት በሩን ከፈተች። ጥቁር ለብሳለች። ግድግዳው ላይ የሚስተር ኦስበርት ፎቶ፣ ሥሩ አበባ አለ። እንባ የሚገባው ቤት በመጨረሻ ተገኘ! ወይዘሮ ሰገነት እጃቸውን ዘርግተው አፋቸውን ከፈቱ።

ምንም። ድምፃቸው ተዘግቷል። የወጣው ያረጀ በር ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ቆመች። ከሀገር ሀገር ተሻግሮ ደጃፍ ላይ ዝም ማለት! ይመኙሻል ብትሰማ ለብሉር ሁሉ ታዳርሰው ነበር።

ያኔ ከጉልበታቸው አካባቢ ቀጭን ድምፅ ወጣ።

"ወይኔ ጋሽ ኦስበርት! ወይኔ! የቤቱ ምሰሶ!"

ቶሚ ነው። በትንሿ ቡጢው ደረቱን ይደልቃል። ሴትዮዋ ቋንቋውን ባታውቀውም ገባት፤ ተንበርክካ አቀፈችውና ተንሰቀሰቀች። ሁለቱ ባልቴቶችም ሳቃቸውን ረስተው እንባቸው መጣ። ቶሚ ግን መሃል ላይ ቆመ፤ የረሳው ስንኝ አለ። ቀና ብሎ የወይዘሮ ሰገነትን ነጠላ ጎተተ።

"እማማ፣ ዋትስ ኔክስት?"

ወይዘሮ ሰገነት ሟቹን ረሱ። ያ የተዘጋ ጉሮሮ ከየት እንዳመጣው አይታወቅም፣

"እልልልልል!"

ኑኃሚን ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ለቅሶ ቤት እልልታ! የደሴቱ ሰዎች ግን ሥርዓቱ ነው ብለው እንደቻሉት አብረው አቀለጡት። ሦስቱ ሴቶችም ምላሳቸውን እያንቀሳቀሱ ተማሩት።

አሁን ቶርንክሊፍ ፓርክ የሕንፃው አሳንሰር በተበላሸ ቁጥር ቶሚ በሩ ፊት ቆሞ ደረቱን ይደቃል፤ "ወይኔ! የደጁ ዋርካ!" ይላል። ጎረቤት ሁሉ ማን ሞተ እያለ ይወጣል። ከርቲስ በኀፍረት ሊያስቆመው ሲነሳ፣ ወይዘሮ ሰገነት ክንዱን ይይዙታል።

"ተወው ልጄ፤ አያቱ ናት ያስተማረችው።"